ትንንሾቹ የሌጎ የባሕር ወንበዴ ስብስቦች፦ የካፒቴኑ ትክክለኛ ስም ማን ነው?

ባለ ታንኳው (ጠያቂ)፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ለንደን፣ ሰዎች እሑድ ጠዋት የመኪናቸውን ኋላ ከፍተው አሮጌ ዕቃ በሚሸጡበት ሜዳ ላይ ለልጄ መጫወቻ ስፈልግ፣ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተቀላቀሉ የሌጎ ጡቦች አገኘሁ። ቤት ወስጄ ምንጣፍ ላይ ስዘረግፋቸው አንድ ዓይኑ የተሸፈነ፣ አንድ እጁ መንጠቆ፣ አንድ እግሩ እንጨት የሆነ፣ ቀይ ጺም ያለው ሰው ከጡቦቹ መካከል ወጣ። ልጄ ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር፤ «አባዬ፣ ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም የምመልስለት አልነበረኝም። የማሰባሰቡ ሥራ የተጀመረው ከዚያች ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ በ1989 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የወጡትን ትንንሽ የባሕር ወንበዴ ስብስቦች እየፈለግሁ እገዛለሁ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ባለ አራት አኃዞቹ ሌሎች ቁጥሮች ደግሞ ሌጎ ለየስብስቡ የሰጣቸው መለያ ናቸው)። ስማቸውን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «የተቀበረ ሀብት» የተባለው 6235፣ «የወደብ ጠባቂ» የተባለው 6245፣ መርከባቸው የጠፋባቸው ሰዎች ታንኳ የሆነው 6257፣ እንዲሁም በ1991 የወጣው «የሽፍታው ታንኳ» 6234 በእጄ ገብተዋል። ትላልቆቹን መርከቦች አልተመኘሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን የቤታችን ስፋትም የኪሴም አቅም አይፈቅድም።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ቆርቆሮውን የሸጠችልኝ ሴት ካፒቴኑን «ካፒቴን ሮጀር» ብላ ጠራችው፤ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ያደገው የባለቤቴ ወንድም ግን «ካፒቴን ሬድቤርድ ነው፣ ሌላ ስም ሰምቼ አላውቅም» ይላል። ሁለተኛ፣ የእኔ መድፍ ኋላው ሲሳብ ትንሿን ጡብ ወርውሮ ይተኩሳል፤ የእርሱ ደግሞ ጨርሶ አይተኩስም፤ ከሁለቱ አንዱ አስመስሎ የተሠራ ይሆን? ሦስተኛውና ዋናው፣ ትንንሾቹን ስብስቦች ብቻ የያዘ ሰው የዚህን ዓለም ታሪክ ለልጁ በሙሉ ሊተርክለት ይችላል ወይስ ያለ ትልቁ መርከብ ታሪኩ ጎደሎ ነው?

የድሮ ካታሎግ፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ሁለቱም ስሞች ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም መድፎች እውነተኛ ናቸው። እንዴት እንደዚያ ሊሆን እንደቻለ ላስረዳ።

ሌጎ የባሕር ወንበዴዎቹን በ1989 ሲያወጣ በሁሉም አገር የሚነበብ አንድ የታሪክ መጽሐፍ አላስቀመጠም። የተጻፈው ነገር በየአገሩ ካታሎግ ውስጥ የሚገኝ ጥቂት መስመር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አገር የራሱን ስም ሰጥቷል። አሜሪካኖቹ ሰውየውን በጺሙ ቀለም ሬድቤርድ አሉት፤ እንግሊዞቹ ሮጀር አሉት፤ የራስ ቅል ያለበት የወንበዴዎች ጥቁር ሰንደቅ በእንግሊዝኛ «ጆሊ ሮጀር» ስለሚባል ስሙ ለእንግሊዝ ልጅ ጆሮ እንግዳ አልነበረም። መርከቡም እንደ ጌታው ሁለት ስም አለው። ቁጥሩ 6285 የሆነው፣ ቀይና ነጭ መስመር ባለው የጨርቅ ሸራ የሚታወቀው መርከብ በአሜሪካ «ብላክ ሲስ ባራኩዳ» ሲባል በእርስዎ አገር «ዳርክ ሻርክ» ይባል ነበር። ስለዚህ የእርስዎና የባለቤትዎ ወንድም ክርክር ሁለት ልጆች በሁለት የተለያዩ ካታሎጎች ላይ ከማደጋቸው የመጣ ነው።

መድፉም እንደዚሁ ነው። በአውሮፓ የተሸጠው በውስጡ ተጨምቆ የሚመለስ ሽቦ (ሞላ) ስላለው ይተኩሳል፤ በአሜሪካ የተሸጠው ግን እንዳይተኩስ ተደርጎ የተሠራ ነው። እንዲያውም አንድ ሰው «ይህ ስብስብ ከአሜሪካ የመጣ ነው» ብሎ የማይተኩስ መድፍ ቢያሳየኝ የበለጠ አምነዋለሁ።

እነዚህ ወንበዴዎች ለሌጎ ምን ያህል ትልቅ ለውጥ እንደነበሩ ዛሬ ሰው ይዘነጋዋል። ዛሬ የምናውቃቸው ትንንሽ የሌጎ ሰዎች ከወጡበት ከ1978 ጀምሮ ፊታቸው ሁለት ነጥብና አንድ ፈገግታ ብቻ ነበር፤ ንጉሡም፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛውም፣ ጠፈርተኛውም አንድ ዓይነት ፊት ይዘው ዐሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። ጺም፣ የዓይን መሸፈኛ፣ መንጠቆ እጅና የእንጨት እግር የመጡት በ1989 ከወንበዴዎቹ ጋር ነው። ጠመንጃና ሽጉጥም ለእነዚህ ትንንሽ ሰዎች መጀመሪያ የተሰጣቸው በዚሁ ጊዜ ነው። ልጅዎ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ መጠየቁ የሚደነቅ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዎች ያንን የሚያስጠይቅ ገላ አልነበራቸውም።

የተቃራኒውን ወገንም ላስተዋውቅዎ። ሰማያዊ ካፖርት የለበሱት ወታደሮች አለቃቸው ገዥ ብሮድሳይድ ነው፤ ስሙ መርከብ በአንድ ጎኗ ያሉትን መድፎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ስትተኩስ የሚባለውን ቃል የያዘ ነው። መቀመጫው 6276 የተባለው የኤልዶራዶ ምሽግ ነው። በ1992 ሰማያዊዎቹ ቀርተው ቀይ ካፖርት የለበሱ ዘበኞች ተተኩ፤ በ1994 ንጉሥ ካሁካ የሚመራቸው የደሴት ነዋሪዎች መጡ፤ በ1996 ደግሞ የድሮ የስፔን ወታደሮችን የሚመስል አርማዳ (የጦር መርከቦች ጓድ) ተጨመረ። ካታሎጉ የትኛውንም በእውነተኛ አገር ስም አይጠራም፤ «የንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች» ይላል እንጂ የማን ንጉሠ ነገሥት እንደሆነ አይናገርም።

ሦስተኛውን ጥያቄዎን በተመለከተ፣ በእኔ አስተያየት ያለ 6285 እና ያለ 6276 ታሪኩ አይሟላም። ካፒቴኑ ያለ መርከቡ፣ ገዥውም ያለ ምሽጉ ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ገንዘቡ እስኪገኝ መጠበቅ እንጂ ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ሸራና መድፍ፦

ለድሮ ካታሎግ እውቀት ከልብ አክብሮት አለኝ፤ ስለ ስሞቹ የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው። በመጨረሻው ነጥብ ላይ ግን ፈጽሞ አልስማማም፤ የማልስማማበትም ምክንያት ለጠያቂው ጠቃሚ ስለሚመስለኝ በዝርዝር ልጻፍ።

ትልቁ መርከብ ማንን ያሳያል? ኃይሉ ያልተነካ፣ ሠራተኛው የሞላለት፣ መድፉ የተደረደረለት ካፒቴን ያሳያል። ይህ ውብ ነገር ነው፤ ነገር ግን ገና ምንም አልደረሰበትም። ታሪክ የሚጀምረው አንድ ነገር ሲጎድል ነው፤ ጉድለቱን የምናገኘው ደግሞ ከትንንሾቹ ስብስቦች ውስጥ ነው። ስማቸውን ብቻ እንይ። የተቀበረ ሀብት፦ ማን ቀበረው፣ ማን ያወጣዋል? የወደብ ጠባቂ፦ አንድ ወታደር ብቻውን ቆሟል፣ ሌሎቹ የት ሄዱ? የ1989ኙ 6260 የመርከብ ስባሪ ደሴት፦ የተሰበረው የማን መርከብ ነው? ታንኳውስ 6257፣ ከየትኛው መስጠም ተርፎ ነው? በትንሽ ስብስብ ውስጥ ጡቡ ጥቂት ስለሆነ ንድፍ ሠሪው መናገር የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ችግር፣ አንድ ዕቃ። የቀረውን ተጫዋቹ ይጨምራል።

እነዚህን አራቱን ምንጣፍ ላይ በተርታ ያስቀመጠ ልጅ ሙሉ ድርጊት ይዟል፦ መርከብ ተሰበረ፣ ሰዎች በታንኳ ተረፉ፣ ሀብቱን ደሴት ላይ ቀበሩ፣ ወታደሩ ከወደብ ሆኖ አያቸው። ቅደም ተከተሉን ቢያዛባው ደግሞ ሌላ ታሪክ ይወጣዋል። ትልቁ መርከብ የሚያስፈልገው እዚህ ውስጥ የት ላይ ነው? ስባሪው ካለ መርከቡ እንደነበረ እናውቃለን፤ እኔ ለራሴ ያልታየው መርከብ ከታየው ይልቅ ይገዝፍብኛል።

ሌላም ማስረጃ አለ። የድሮዎቹን ካርቶኖች ጀርባ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ በዚያው ጡብ ሊሠሩ የሚችሉ ሌሎች ቅርጾች ፎቶግራፍ ብቻ ሆነው፣ ያለ መሥሪያ መመሪያ ይታተሙ ነበር። እኔ በልጅነቴ ከዚያ ፎቶግራፍ ላይ እየቆጠርሁ ስገነባ ውዬ አመሽ ነበር። ድርጅቱ ራሱ «የሰጠናችሁ ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም» እያለ ነበር ማለት ነው። ካታሎጉ ላይ ያሉት ጥቂት መስመሮች የታሪኩ መነሻ እንጂ ሕጉ አልነበሩም።

የስሙንም ነገር ድርጅቱ በኋላ በሚያስደስት መንገድ አስታርቆታል። በ2020 የወጣው 21322፣ 2,545 ቁራጭ ያለው «የባራኩዳ ወሽመጥ ወንበዴዎች»፣ የዚያኑ የ1989 መርከብ ስባሪ ወደ ደሴት መኖሪያነት ተለውጦ ያሳያል፤ የፈለገ ሰው ክፍሎቹን አላቅቆ መልሶ መርከብ ያደርጋቸዋል። በውስጡ ካፒቴን ሬድቤርድ አለ፤ ከሠራተኞቹም አንዱ ጃክ «ዳርክ ሻርክ» ደብሉንስ ይባላል። የእንግሊዙ የመርከብ ስም ሳይጣል በአንድ ሰው ቅጽል ስም ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደዚህ ዓለም ሲመለሱ የመረጡት ርዕሰ ጉዳይ የመርከቡን መሰበር ነው፤ በትንሹ 6260 ውስጥ የነበረውን ሐሳብ አሳድገው አመጡት።

በመካከል የመጡትን ዓመታት በአጭሩ ለመጥቀስ ያህል፣ በ2009 ወንበዴዎቹ ሲመለሱ ካፒቴኑ «ብሪክቤርድ» ተባለ፤ ጠላቶቹም ቀይ ለባሾች ነበሩ። በ2015 ሰማያዊዎቹ ተመለሱ። በርካሽ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው ከ2009ኞቹ መካከል 8397 እና 8396 በጣም ትንንሽ ናቸው፤ የመጀመሪያው በሕይወት ለመትረፍ የሚታገል አንድ ወንበዴ፣ ሁለተኛው መሣሪያውን የሚጠብቅ አንድ ወታደር ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቀመጡ ጨዋታው ይጀምራል።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ልበል። የ1994ቶቹ የደሴት ነዋሪዎች ስብስቦች በቀለም የሚያምሩ ቢሆኑም፣ የብዙ ሕዝቦችን አለባበስና እምነት ቀላቅለው የሠሩት ምስል የማንም እውነተኛ ሕዝብ አይደለም። ለልጅ ሲተርኩለት ንጉሥ ካሁካ የራሱን አገር ከሁለት መጤ ኃይሎች የሚጠብቅ መሪ ቢሆን ታሪኩም ይቃናል፣ ልጁም የተሳሳተ ነገር አይማርም። እኔ ቤት ውስጥ የማደርገው እንደዚያ ነው።

የጡብ ጠጋኝ፦

ስለ ታሪኩ ሌሎች በቂ ብለዋል፤ እኔ ስለ ዕቃው ልጨምር። የቆርቆሮ ቅልቅል የገዛ ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ግራጫውን ጡብ ነው። ሌጎ በ2004 አካባቢ ግራጫዎቹን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አዲስ ግራጫ ለወጣቸው፤ ቡናማውም ወደ ቀይ አደላ። ስለዚህ የ1989 ደሴት ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ካዩ ያ ቁራጭ በኋላ የተተካ ነው። ይህ ዕቃውን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ዋጋው ላይ ግን መነጋገር ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሰዎቹን ደረት በብርሃን አዙረው ይመልከቱ። በድሮዎቹ ላይ ከብብት በታች ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የተለመደ ነው። እጁን ደጋግሞ ማውጣትና መመለስ ስንጥቁን ስለሚያሰፋው፣ መንጠቆውን ለማየት ብለው እጅ አይንቀሉ። የእውነተኛው ሌጎ ስም በእያንዳንዱ ጡብ አናት ክብ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

እጥበቱ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ ይሁን። ፀሐይ ላይ አያስጡ፤ ነጩን ወደ ቢጫ የሚለውጠው ፀሐይ ነውና። የጨርቅ ሸራ ካለ ለብቻው፣ ሳይጨመቅ ታጥቦ በጠፍጣፋ ቦታ ይድረቅ። የጎደለ ነጠላ ቁራጭ የሚፈልግ ሰው ብሪክሊንክ ላይ ያገኘዋል፤ ከ2000 ጀምሮ ሰብሳቢዎች እርስ በርስ የሚሸጡበት ገበያ ሲሆን በ2019 ራሱ ሌጎ ገዝቶታል። እኔ ለአንድ በቀቀን ስምንት ወር ጠብቄ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ በመጣልኝ ቀን የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

የቀይ ባሕር አንባቢ፦

ውይይታችሁን በደስታ ተከታተልሁ። ጠያቂው ለልጁ በአማርኛ የሚተርክ አባት ስለሆነ፣ ከእውነተኛው ታሪክ ለእኛ የሚቀርበውን ክፍል ላካፍለው ወደድሁ።

የሌጎዎቹ ዓለም የካሪቢያንን ባሕር ይመስላል፤ የዘንባባ ዛፉም፣ ምሽጉም ከዚያ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ከነበሩት እጅግ የታወቁ የባሕር ወንበዴዎች አንዳንዶቹ ሀብት ፍለጋ የመጡት ወደ እኛው ቀይ ባሕር ደጃፍ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ኤቨሪ በ1695 ባብ ኤል መንደብ ላይ አድፍጦ የሕንድን መርከቦች ጠበቀ፤ ከዚያም ከመካ ተጓዦችን ይዛ ወደ ሱራት ትመለስ የነበረችውን የሕንዱን ንጉሠ ነገሥት የአውራንግዜብን መርከብ ጋንጅ ኢ ሳዋይን ተከታትሎ ዘረፋት። በተሳፋሪዎቹ ላይ የተፈጸመው ግፍ ለልጅ የሚነገር አይደለም፤ አባት ግን ሊያውቀው ይገባል፤ እውነተኛው ወንበዴ እንደ ሌጎው ሰው የሚወደድ አልነበረምና። በ1697 ደግሞ ካፒቴን ዊልያም ኪድ በዚያው መተላለፊያ፣ በፔሪም ደሴት ተደብቆ ከየመኑ ወደብ ከሞካ የሚወጡትን መርከቦች ጠብቋል። ከአሰብ ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው።

ይኸው ኪድ ነው የ6235ን፣ የተቀበረ ሀብትን፣ ሐሳብ ለዓለም ያተረፈው። የባሕር ወንበዴዎች ያገኙትን ይካፈሉና ያጠፉት ነበር እንጂ መቅበር ልማዳቸው አልነበረም፤ ኪድ ግን በ1699 ኒው ዮርክ አጠገብ ባለችው ጋርዲነርስ ደሴት ጥቂት ሀብት ቀበረ። ሀብቱ ወዲያው ተቆፍሮ ተወሰደ፤ ወሬው ግን እስከ ዛሬ አልተቀበረም። ኪድም በግንቦት 1701 እዚያው እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ፣ ዋፒንግ በተባለው የቴምዝ ዳርቻ ተሰቀለ። ልጅዎ ከፍ ሲል ወንዙ ዳር ይዘውት ቢሄዱ፣ ያቺ የአንድ ሰውና የአንድ ሣጥን ትንሽ ስብስብ ከየት እንደመጣች በዓይኑ ያያል።

ስሙን በተመለከተ ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ቋንቋ ከሰየሙት፣ አማርኛ ተናጋሪ ልጅስ ለምን የራሱ ስም አይኖረውም? «ካፒቴን ጺመ ቀይ» ቢባል ያምራል።

ባለ ታንኳው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ የጻፋችሁትን ለባለቤቴ ወንድም በስልክ አነበብሁለት፤ የእርሱ መድፍ እንዳይተኩስ ተደርጎ የተሠራ መሆኑን ሲሰማ ብዙ ዝም አለና፣ በልጅነቱ መድፉ የተበላሸበት በእርሱ ጥፋት እየመሰለው ለወላጆቹ ሳይናገር እንደኖረ ነገረኝ።

ግራጫዎቹን በመስኮት ብርሃን ስመለከት ሦስቱ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፤ ምትካቸውን መፈለግ እጀምራለሁ። የድሮ ካታሎግን ምክር ባከብርም፣ ለጊዜው በሸራና መድፍ መንገድ ለመሄድ ወስኛለሁ፤ ቀጥሎ የምፈልገው 6260ን ነው።

ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አራቱን ስብስቦች በተርታ አስቀምጬ ልጄን ጠበቅሁት፤ አሁን ስምንት ዓመት ሆኖታል። «ካፒቴን ጺመ ቀይ» የሚለውን ስም ያለ ክርክር ተቀበለው። ከዚያ የራሱን የድሮ ጥያቄ መልሼ ጠየቅሁት፦ «ይህ ሰው ምን ሆኖ ነው?» ካፒቴኑን አንሥቶ ታንኳው ላይ አስቀመጠው፤ የወደብ ጠባቂውንም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረውና፣ «እግሩን ያጣ ቀን ይህ ወታደር አይቷል፤ ግን ለገዥው አልተናገረም» አለኝ። ለምን እንዳልተናገረ ብጠይቀው፣ እርሱን ነገ እንደሚነግረኝ ቃል ገብቶልኛል።